ኩራ የሚነቅለው ገመድ

ረቡዕ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዲንኪቱ ዳዳቻ ከባንክ ስትመለስ መብራት ጠፍቷል። ጄኔሬተሩም ጸጥ ብሏል። ሁለቱ አንድ ላይ መሆን አልነበረባቸውም።

ሮጣ ገባች። የቀዝቃዛው ክፍል በር ላይ ያለው ቴርሞሜትር ሰባት ነጥብ አንድ ይላል። ስምንት ካለፈ ውስጥ ያለው አርባ ስምንት ሺህ ዶዝ የፍየል ሳምባ ክትባት ይጣላል። ጄኔሬተሩን በቁልፍ አስነሳችው። ከችኮላዋ የተነሳ ቁልፉ ሁለት ጊዜ ቀዳዳውን ሳተ።

ከዚያ ሰርቨሩን አየች። በባትሪ ስለሚሠራ አልጠፋም፤ ግን ምንም አይመልስም። ስክሪኑ ላይ የቀረው የመጨረሻ መልእክት ሚሞሪ አልቋል ይላል። ከሥሩ ደግሞ ማሽኑን የሚያስተዳድረው ከርነል ራሱን ለማትረፍ አንድ ፕሮግራም መግደሉን ይናገራል። የተገደለው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። የሙቀት መዝገቡም አብሮ ቆሟል። አራት ንባብ ጎድሏል።

ሰርቨሩ ከጫማ ካርቶን አይበልጥም። ነገሌ ቦረና ያለውን የአርቢዎች ማኅበር የመድኃኒት መጋዘን የሚጠብቀው እሱ ነው። በየአሥር ደቂቃው የክፍሉን ሙቀት ይመዘግባል፤ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተር ያስነሳል። ክትባቱን የሚረከቡት የእንስሳት ሐኪሞች ሰኞ ይመጣሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁትም መዝገቡን ነው። ከአንድ ጭነት መዝገብ ላይ እስከ ስድስት ንባብ ቢጎድል ያልፋል። ሰባተኛው ከጎደለ ጭነቱ በሙሉ ይወገዳል፤ ብልቃጡ ቀዝቃዛ ሆኖ ቢገኝም። በእጅ የተጻፈ አይቀበሉም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሌላ ቦታ፣ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ለሁለት ሳምንት በየመስመሩ «አራት» እያለ ሞልቶ ነበር። የተከተቡት ፍየሎች አለቁ።

አራቱ በአንድ ከሰዓት ሄዱ። ሁለት ቀረ።

የካቲት 2014 ነበር። ዝናቡ ሦስት ወቅት በተከታታይ ቀርቷል። የሊበን ሜዳ ከብት ወድቆ አልቋል ማለት ይቻላል። ለብዙ ቤተሰብ የቀረው ፍየል ነው፤ ፍየሉ ደግሞ መሳል ጀምሯል።

ዲንኪቱ የተወለደችው ደርግ በወደቀበት ዓመት ነው። አባቷ ዳዳቻ በድሬ በኩል ባለ ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ተራ የሚያስከብር ሰው ነበር፤ የትኛው መንጋ መቼ ወደ ገንዳው እንደሚገባ፣ መቼ እንደሚወጣ የሚወስን። በ1992ቱ ድርቅ ከብቱ ሲያልቅ ቤተሰቡን ይዞ ነገሌ ገባና የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። ልጁ ተማረች። ሐዋሳ ሦስት ዓመት ኮምፒውተር አጥንታ ተመለሰች። ስልክ ጠገነች፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ሠራች፣ በ2010 ማኅበሩ ቀጠራት። ሥራዋ በወረቀት ላይ «የመረጃ ባለሙያ» ይባላል። በተግባር ከበር ቁልፍ እስከ ሰርቨር ያለው ሁሉ የእሷ ነው።

እናቷ ጃለኔ ከተማውን አልለመደችውም። ዳዳቻ ሲሞት ወደ ሜዳው ተመለሰች፣ ፍየል ገዛች። ስንት እንዳላት ለማንም አትናገርም። በእነሱ ቤት እንስሳ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ተብሎ ይፈራል። ዲንኪቱ በልጅነቷ ጥጆችን በጣቷ ስትቆጥር ተይዛ ተገርፋለች። አሁን ቀኑን ሙሉ ቁጥር እያየች ነው የምትውለው።

ሐሙስ ጠዋት የማኅበሩ ሊቀ መንበር መጡ። ዓብዱልወሃብ ይባላሉ፤ ሰው ሐጂ ይላቸዋል። ገበያው ዳር የቆዳና የጨው ሱቅ አላቸው። ከመጋዘኑ ጠባቂ ከኩራ ጎን ቆመው ሰርቨሩን እንደ ታመመ በግ አዩት።

«አካም ቡልቴ፣ ዲንኪቱ?» አሉ፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው።

«ናጋ፣ ሐጂ።»

«ናጋ ይሁን። እስቲ አስረጂኝ። ይሄ ሚሞሪ የምትዪው ነገር የት ሄደ? ሌባ ገባ?»

«አልሄደም። እዚያው ነው። የያዘው አካል አለቅም ብሎ ነው።»

«ማነው የያዘው?»

«እሱን አላወቅሁም።»

ኩራ ጉሮሮውን ጠረገ። ስልሳ ዓመት አልፎታል። በወጣትነቱ ከዳዳቻ ጋር በአንድ ጉድጓድ ውሃ ሲያወጣ የኖረ ነው። «ጠጥቶ ከገንዳው የማይወጣ መንጋ አለ በያቸው» አለ።

«እና ተራ አስከባሪው ምን ይሠራል?» አሉ ሐጂ።

«ቦታ ሲጠበው ፊቱ ያገኘውን ትልቁን መንጋ ያባርራል» አለች ዲንኪቱ። «ያልጠጣውን።»

«አብዷል እንዴ?»

«ሕጉ ነው። ካላባረረ ሁሉም ይሞታል።»

«አባትሽ እንደዚህ ቢሠራ ኖሮ በድንጋይ ነበር የምንፈልጠው» አለ ኩራ።

ሐጂ አልሳቁም። «አጥፍተሽ አብሪውና እንገላገል።»

«አብርቼዋለሁ። ሲበራ ሚሞሪው ይመለሳል፤ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ እንደገና ያልቃል። ሌላም አለ። ሲነሳ ከሦስት አንዴ ዲስኩን አላየሁም ብሎ ይቆማል። መዝገቡ ያኔ ባዶ ነው። ሁለት ንባብ ነው ያለኝ፣ ሐጂ። ሃያ ደቂቃ ማለት ነው።»

«እስከ ሰኞ?»

«እስከ ሰኞ።»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ መልሰው ከተቱት። «አዲስ አበባ ደውዪ» ብለው ሄዱ።

ሰርቨሩን የሸጠው ድርጅት ውስጥ የምታውቀው ተውፊቅ የሚባል ቴክኒሻን ነው። በአካል ተያይተው አያውቁም።

«እህቴ፣ እዚህ ሠላሳ አንድ ደንበኛ አለን። አንዱም እንዲህ ያለ ነገር አላለም።»

«እዚህ ግን አለ።»

«አቧራ ይሆናል።»

«አቧራ ሚሞሪ አይበላም፣ ተውፊቅ።»

«የነገሌ አቧራ ምን እንደሚበላ በምን አውቄ?»

«ከርነሉን ባሻሽለውስ?»

የተውፊቅ ቀልድ ቆመ። «እንዳትነኪው! የጄኔሬተሩን ካርድ ከማሽኑ ጋር የሚያነጋግረውን ድራይቨር የጻፈው ልጅ ሥራ ለቋል። የተሠራው ለዚያ ከርነል ነው። ከርነሉን ቀየርሽና ድራይቨሩ እምቢ ካለ ጄኔሬተር የሚባል ነገር የለሽም። የሚሠራን ነገር ምን አስነካሽ?»

«እየሠራ አይደለም እኮ።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አልነገርኩሽም።»

ዲንኪቱ ስልኩን ዘግታ የማሻሻያዎቹን ዝርዝር ማንበብ ጀመረች። ከርነል የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ ሚሞሪውን ለማን እንደሚሰጥ፣ ከማን እንደሚቀበል የሚወስነው እሱ ነው። በእሷ ማሽን ላይ ያለው የተረጋጋ ተብለው ለረጅም ጊዜ ከሚጠገኑት እትሞች አንዱ ነው። ለእንዲህ ያለው እትም አዲስ ነገር አይጨመርበትም፤ ስሕተት ብቻ ይታረምለታል። በየሳምንቱ ገደማ አንድ ጥገና ይወጣና የመጨረሻው ቁጥር በአንድ ከፍ ይላል። የእሷ ማሽን ከአርባ ቁጥር በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል። ስትረከበው እንደነበረ ነው፤ ማንም አልነካውም።

ዝርዝሩ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ በደካማ ኔትወርክም ይወርዳል። በእያንዳንዱ ጥገና ውስጥ መቶ፣ ሁለት መቶ እርማት አለ። አብዛኛው በሕይወቷ አይታው ስለማታውቀው መሣሪያ ነው። ሚሞሪን የሚመለከቱትን ብቻ እየለየች አነበበች። እስከ አራት ሰዓት ድረስ አንገቷን አላቀናችም። አንዱ ትንሽ ነበር፤ የሦስት መስመር እርማት። መሣሪያው እየተነበበ ሳለ ከተነቀለ ለንባቡ የተያዘው ሚሞሪ ሳይለቀቅ ይቀራል፤ ይህ እርማት እንዲለቀቅ ያደርጋል ይላል።

አለፈችው። እሷ ዘንድ ማንም ምንም አይነቅልም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ።

«ኢብሳን ባዴ!» አለ ኩራ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር እንደሚለው። ሬዲዮውን አስቀምጦ ተነሳ፣ ወደ ሰርቨሩ ሄደ፣ የቴርሞሜትሩን ገመድ ከጀርባው መዘዘ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ጥቂት ጠበቀ። መልሶ ሰካው። ሬዲዮው ጋ ተመልሶ ተቀመጠ።

ዲንኪቱ ወትሮ የምትሠራው በወዲያኛው ክፍል ስለሆነ ይህን አይታ አታውቅም።

«አባ ኩራ።»

«አቤት።»

«ምንድን ነው ያደረጉት?»

«ምን አደረግሁ?»

«ገመዱን!»

«ነቀልኩት ነዋ። ጄኔሬተሩ መብራት ሲመልስ እንዳያቃጥለው። ቤትሽ ቴሌቪዥን የለም?»

ቤቷ ቴሌቪዥን አለ፤ እሷም ትነቅላለች። ነገሌ ውስጥ ቴሌቪዥን ወይም ፍሪጅ ያለው ሰው ሁሉ መብራት ሲጠፋ ይነቅላል፤ ሲመለስ ትንሽ ጠብቆ ይሰካል። ያልነቀለ ጠጋኝ ቤት ይሰለፋል። የሰርቨሩ ባትሪ ርካሽ ነው፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣውን ምት ሁሉ አያስቆምም። ለኩራ ይህን የነገረው የለም። ግን ያውቃል።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። አንቺ አይደለሽ ይሄ ገመድ ከወጠጤ ፍየል ይወደዳል፣ ጠብቁት ያልሽኝ?»

«ሌሊትስ?»

«ሌሊትም እነሳለሁ። ቤቴ እዚሁ ግቢ አይደል። የተኛሁ መስሎሽ ነው?»

«ረቡዕስ?»

«ረቡዕ ቀብር ሄጄ ነበር፤ አስፈቅጄሽ።» ፊቱ ጠቆረ። «ምነው? አጠፋሁ?»

ዲንኪቱ እያሰላች ነበር። ማሽኑ መጀመሪያ የገባ ጊዜ መብራት በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ነበር የሚጠፋው። ከጥር ወዲህ መስመሩ ሲጠገን፣ ሲበላሽ በቀን አርባ ጊዜ ይጠፋል። ማክሰኞ ክትባቱ እስኪገባ ማሽኑን በየጠዋቱ አጥፍታ ታበራው ስለነበር አልተገለጠም። በነቀለ ቁጥር ስድስት ሜጋባይት፤ አሁንም ስክሪኑ ላይ ያን ያህል ወርዷል። ማሽኑ ሲነሳ ሦስት መቶ ሰማንያ ያህል ነጻ ሚሞሪ አለው። ስድሳ ሦስት ጊዜ ሲነቀል ያልቃል። ልክ አንድ ቀን ተኩል። አዲስ አበባ ያሉት ሠላሳ አንድ ደንበኞች ኩራ የላቸውም።

ረቡዕ ማሽኑ የቆመው ኩራ ቀብር ሳለ ነው፤ ቋፍ ላይ ያደረሱት ግን ከዚያ በፊት የነቀለባቸው ጊዜያት ሁሉ ናቸው።

«ከአሁን በኋላ አይንቀሉት» አለችው።

«ሲቃጠልስ?»

«አይቃጠልም።»

«ቶሌ» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው። «አንቺ ነሽ የተማርሽው።»

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነስቶ መብራቱ ሲመለስ አምፖሉ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ። ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ። የቴርሞሜትሩ ሳጥን ጥግ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወጥቷል። ቁጥር የለም።

መሳቢያ ውስጥ አንድ መለዋወጫ ነበር። አንድ ብቻ። ገጥማ እስክትጨርስ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሄደ። አንድ ንባብ ጎደለ። አምስት።

ኩራ አልነገርኩሽም አላለም። ሬዲዮውን አጥፍቶ ተቀመጠ። ቢናገራት ይሻላት ነበር።

«አባ ኩራ» አለች። «ይንቀሉት።»

«ልንቀል?»

«ይንቀሉ። እንደ ድሮው።»

አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነላት። ካልተነቀለ መሣሪያው ይቃጠላል፤ ሌላ መለዋወጫ የለም፤ የተሻለ ባትሪ ከአዲስ አበባ ለመድረስ ሳምንት ይፈጃል። ከተነቀለ ሚሞሪው ያልቃል። ሪስታርት ካደረገች ዲስኩ ይክዳታል። ዝርዝሩን እንደገና ከፈተች። ያቺ የሦስት መስመር እርማት እዚያው አለች። ከሥሯ ስሕተቱን ያገኘው ሰው ስም ተጽፏል፤ የት አገር እንደሆነ አይልም። እሱም ገመድ የሚነቅል ሰው አጋጥሞት ይሆናል።

ዓርብ ጠዋት ሚሞሪው ሠላሳ ሜጋ ሲቀረው ሪስታርት አደረገችው። ዲስኩን በሁለተኛው ሙከራ አየ። የሚቀጥለው ንባብ ሊደርስ አንድ ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ወረቀት ላይ አሰላችው። እንዲሁ ከቀጠለች ቅዳሜ አንድ፣ እሑድ አንድ፣ ሁለት ሪስታርት አለባት። ማሻሻያውን ከጫነች ቅዳሜ አንድ ብቻ። ግን ያ አንዱ ውስጥ ሌሎች አራት ሺህ የማታውቃቸው እርማቶች አብረው ይገባሉ፤ የጄኔሬተሩም ድራይቨር አለ።

ከሰዓት እናቷ ደወለች። በኦሮምኛ ነው የሚያወሩት።

«እነዲባ ጋ፣ ጎረቤት መንደር የነበረው ሳል ወደ እኛ መጣ» አለች ጃለኔ።

«ስንቶቹ ሳሉ?»

ዲንኪቱ ምላሷን ነከሰች።

«ምን አልሽ?» አለች እናቷ።

«ምንም። ክትባቱ ሰኞ ይወጣል፣ አዬ» አለች፤ እናቷን ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ነው የምትጠራት።

«ይወጣል ነው፣ ወይስ እኔን ለማስተኛት ነው?»

«ይወጣል።»

«ድምፅሽ እንደዚያ አይልም» አለችና ዘጋችው።

ማሻሻያው ስልሳ ሜጋ ገደማ ነው። በስልኳ አወረደችው፤ አራት ጊዜ ተቋረጠ፣ አራት ጊዜ ካቆመበት ቀጠለ። የወረደው ፋይል እንዳልተበላሸ ማረጋገጫ ቁጥሩን ፊደል በፊደል አመሳከረች። የድራይቨሩን ምንጭ ፕሮግራም ሥራ የለቀቀው ልጅ በአንድ ፍላሽ ላይ ትቶት ነበር። በላፕቶፗ ላይ ለአዲሱ ከርነል ሠራችው። ስሕተት አላወጣም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አወጣ። ማስጠንቀቂያውን አሥራ አንድ ጊዜ አነበበችው። አደገኛ አይመስልም። አይመስልም።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ለሐጂ ነገረቻቸው። ሱቃቸው ውስጥ ቆዳ እያስቆጠሩ ነበር።

«ካልሠራስ?»

«አሮጌው ከርነል አይጠፋም፣ እዚያው ይቀመጣል። ካልሆነ ወደ እሱ እመለሳለሁ።»

«ለመመለስ ሌላ ሪስታርት?»

«አዎ።»

«ስንት ንባብ ቀረሽ?»

«አንድ።»

ሐጂ የያዙትን ቆዳ አስቀመጡ። «ዲንኪቱ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ተዪው ልልሽ አልችልም፤ አድርጊውም አልልሽም። ሰኞ ፍየል ይዘው የሚመጡት ሰዎች ፊት ግን የምትቆሚው አንቺ ነሽ። እኔ አልቆምም።»

«አውቃለሁ።»

«አላህ ይርዳሽ» አሉ፤ ቆዳውንም መልሰው አነሱት። ስንት ላይ እንደደረሱ ግን ጠፋቸው።

አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ኩራ የጄኔሬተሩን ቁልፍ ይዞ ውጭ ቆመ። በመስኮቱ ይተያያሉ።

«እጄን ካነሳሁ በቁልፍ ያስነሱት» አለችው።

«ሁለቱንም እጅሽን ካነሳሽስ?»

«ያን ጊዜ ይሩጡ።»

«ወዴት?» አለ ኩራ፤ ሳቅ አይሉት ሳል የሆነ ድምፅ አወጣ።

አራት ሰዓት። ንባቡ ገባ፤ አራት ነጥብ ሁለት። ሦስት ሰከንድ ጠብቃ ትእዛዙን ጻፈች። ስክሪኑ ጠቆረ።

ሁለት ደቂቃ። ከዚያ አንድ መስመር መጣ። ዲስክ አልተገኘም።

አጠፋችው። ገመዱን ነካ ነካ አደረገች፤ ይርዳ አይርዳ አታውቅም፤ ሁልጊዜ ታደርገዋለች። አራት ሰዓት ከአራት። አበራችው። ዲስኩን አየ። አዲሱ የከርነል ቁጥር ብቅ አለ። ጽሑፉ በፍጥነት መውረድ ጀመረ፤ ከዚያም ቀጥ አለ። ዲስኩ ለረጅም ጊዜ ስላልተመረመረ እየተመረመረ ነው ይላል። ሁለት በመቶ።

ይህን አላሰበችውም። ማሽኑ ከተተከለ ወዲህ ተመርምሮ አያውቅም። አሁን ብታቋርጠው ዲስኩ ሊበላሽ ይችላል። ብትጠብቀው የአራት ሰዓት ከአሥሩ ንባብ ይሄዳል። አሥራ ስምንት በመቶ። ኩራ በመስኮቱ አገጩን ቀና አደረገ። እሷ ገና ነው በሚል ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሠላሳ አራት።

አራት ሰዓት ከአሥር ሆነ። አለፈ።

ስድስት።

ከእንግዲህ ምንም የለም። ቀጣዩ ንባብ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ እሱ ከቀረ ሰባተኛው ነው። ስልሳ አንድ በመቶ። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልቻለችም፤ መቆምም አልቻለችም። የእናቷን ድምፅ ላለማሰብ የግድግዳውን ስንጥቅ በዓይኗ ተከተለች። ሰማንያ ስምንት። ዘጠና ሰባት። ዘጠና ሰባት። ዘጠና ሰባት።

አራት ሰዓት ከአሥራ አራት ላይ ጽሑፉ እንደገና መውረድ ጀመረ። ቴርሞሜትር፣ ተገኝቷል። መዝገብ፣ ተነስቷል። የጄኔሬተር ካርድ የሚለው መስመር ጋ ሲደርስ ለአፍታ የቆመ መሰላት። ከዚያ መስመሩ ተጻፈ። ድራይቨሩ ገብቷል።

አራት ሰዓት ከሃያ። አራት ነጥብ ሦስት ዲግሪ። ተመዘገበ።

እጇን አላነሳችም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ይዛው ነበር።

ኩራ በበሩ አንገቱን አስገባ። «አለቀ?»

«ግማሹ።»

«ሌላው ግማሽስ?»

«መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ነው።»

«ለዚህስ ብዙ አንጠብቅም» አለና መሬት ላይ ቁጢጥ አለ።

እውነትም አልጠበቁም። አምስት ሰዓት ሳይሞላ አምፖሉ ጠፋ።

«ኢብሳን ባዴ!»

ገመዱን መዘዘ። ዲንኪቱ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ልታይ ሞከረች። ነጻ ሚሞሪው ከሦስት መቶ ሰማንያ ወደ ሦስት መቶ ሰባ አራት ወረደ። ጄኔሬተሩ ዝም ብሏል። ሲሠራ በአሥራ አምስት ሰከንድ ነው የሚነሳው። አሥር። አሥራ ሁለት። አሥራ አምስት። ኩራ ቁልፉን አጥብቆ ያዘ። አሥራ ስምንት ላይ ጄኔሬተሩ አስነጠሰ፣ ተንገጫገጨ፣ ተነሳ።

ስክሪኑን አየች። ሦስት መቶ ሰባ አራት። አሁንም ሰባ አራት። እርማቱ አልሠራም ብላ አሰበች፤ ሌላ ስሕተት ነው፣ የእኔ አይደለም፣ ለሌላ ሰው የተሠራ ነው። ዓይኗን ጨፈነች፣ ገለጠች።

ሦስት መቶ ሰማንያ።

«ይሰኩት» አለች።

ኩራ ሰካው። «እና?»

«ወጣ።»

«ማን?»

«መንጋው። ጠጥቶ ወጣ።»

ኩራ ሰርቨሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርበት አየው። «እስካሁን ምን ይጠብቅ ነበር ታዲያ?» አለ።

በዚያ ቀን ሠላሳ አራት ጊዜ ነቀለ። እሑድ አርባ አንድ ጊዜ። ዲንኪቱ ሁለቱንም ቀን ከማሽኑ ፊት አልተነሳችም ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ይመለሳል። አንዴ ሦስት መቶ ሰባ ዘጠኝ ላይ ቀርቶ ግማሽ ሰዓት አስጨነቃት። ጄኔሬተሩ ግን አሁንም በአሥራ ስምንት ሰከንድ ነው የሚነሳው፤ ከድሮው ሦስት ሰከንድ ዘግይቶ። ለምን እንደሆነ አላወቀችም። ያ ማስጠንቀቂያ ይሆናል። ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ሰኞ ጠዋት የመጡት የእንስሳት ሐኪም ሸምሳ ይባላሉ፤ ከያቤሎ ነው የመጡት። ሰላምታ ሳይጨርሱ መዝገቡን ጠየቁ። ቆመው ገጽ በገጽ አነበቡ፤ ጣታቸው ባዶ መስመሮቹ ላይ ቆም ቆም ይላል።

«ስድስት» አሉ።

«ስድስት» አለች ዲንኪቱ።

«ይሄ የቅዳሜው ምንድን ነው?»

«ጥገና ነበር።»

«ክትባት እያለ ጥገና?»

ዲንኪቱ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ረጅም መልስ። «አዎ» አለች ብቻ።

ሸምሳ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሌላ ጊዜ አንድ እንኳ ቢጨመር ከመኪናው ላይ አስወርደዋለሁ» ብለው ፈረሙ። እስከ ሦስት ሰዓት ሁለት መኪና ተጭኖ ወጣ፤ አንዱ በፊልቱ መንገድ፣ አንዱ ወደ ሜዳው። ክፍሉ ባዶ ሆነ። ኩራ ጠረገው።

«እና አሁን ልንቀል ወይስ ልተው?» አለ መጥረጊያውን ተደግፎ።

«ይንቀሉ።»

«የሚጠበቅ ነገር ሳይኖር?»

«ቴርሞሜትሩ አለ አይደል።»

ሐጂ በስልክ ደወሉ። ማለፉን ሰምተዋል። ስለ ሰርቨሩ አልጠየቁም። የተሻለ ባትሪ ስንት እንደሆነ ብቻ ጠየቁ፤ ስትነግራቸው «ለእሱ እንተያያለን» አሉ።

በሦስተኛው ሳምንት አዲስ ጥገና ወጣ። ዲንኪቱ አሁን ዝርዝሩን በወጣ ቁጥር ታነባለች። ውስጡ የእሷን የሦስት መስመር እርማት የሚያርም ሌላ እርማት ነበር፤ የመጀመሪያው መሣሪያው በአንድ የተለየ ቅጽበት ከተነቀለ ሚሞሪውን ሁለት ጊዜ ሊያስለቅቅ ይችላል፣ ያኔ ማሽኑ በአንድ ጊዜ ይወድቃል ይላል። ክትባቱ ክፍሉ ውስጥ ሳለ ኩራ ሰባ አምስት ጊዜ ነቅሏል፤ በሁለት ቀን። ያን ቅጽበት ኩራ አላገኘውም። ሊያገኘው ይችል ነበር። ውሃ ቀድታ ጠጣች። ክፍሉ ባዶ ስለነበር በዚያው ቀን ጫነችው።

የክትባት ዘመቻው ቅጾች የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። የመንደሩ፣ የባለቤቱ ስም፣ የተከተቡት ፍየሎች ብዛት። የእሷ ድርሻ ገጾቹን ከወጣው ዶዝ ጋር አመሳክራ መፈረም ነው። በዘጠነኛው ገጽ ላይ፣ ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ጃለኔ የሚለውን ስም አየች።

ቁጥሩን ሳታይ በመዳፏ መስመሩን ሸፈነችው። ገጹን እንደዚያው ይዛ ኩራን ጠራችው።

«አባ ኩራ፣ ማንበብ ይችላሉ አይደል?»

«ቁጥር አያቅተኝም።»

«ይህን ገጽ እርስዎ ይደምሩልኝ። ድምሩን ብቻ ይንገሩኝ።»

ኩራ ወረቀቱን ተቀበላት። ስሙን አየ። እሷን አየ። ጀርባውን ሰጥቷት ወደ መስኮቱ ዞረና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ መደመር ጀመረ።